ካሳው ለማን ይድረስ? የኤጀንት ኦሬንጅ ገንዘብና ያከፋፈሉት ዳኛ

አሜሪካ የሚኖር ዘመድ ካላችሁ ይህን ወረቀት ሳያየው አይቀርም። ከፖስታ ሳጥኑ ውስጥ በደቃቅ ፊደል የተጻፈ ካርድ ይወጣል። «በእገሌ ኩባንያ ላይ በቀረበው የቡድን ክስ ውስጥ እርስዎም ሊካተቱ ይችላሉ» ይላል። ሰውየው ማንንም አልከሰሰም፤ ጠበቃም አላቆመም። አንዳንዱ ማስታወቂያ መስሎት ይጥለዋል፤ አንዳንዱ ፎርሙን ሞልቶ ይልክና ከብዙ ወራት በኋላ የጥቂት ዶላር ቼክ ይደርሰዋል።

ካርዱ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ ቀን ተጽፏል። በዚያ ቀን አንድ ዳኛ ይሰየምና ስምምነቱ ተገቢ ነው ወይ፣ ገንዘቡስ እንዴት ይከፋፈል ብሎ ይወስናል። ነገሩ የጽሕፈት ቤት ሥራ ይመስላል። ማጽደቅ፣ ማህተም መምታት፣ ማካፈል፤ በቃ። ታሪኩን ስንመለከት ግን አብዛኛውን ጊዜ እውነተኛው ፍርድ የሚሰጠው እዚያ ቀን ላይ ነው። ይህን በደንብ የሚያሳየን ከቬትናም ጦርነት በኋላ የተነሳው የኤጀንት ኦሬንጅ ክስ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከሳሹ የሌለበት ክስ

በድሮው የሀገራችን ሙግት ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላ ለነጠላ ተቋጥረው፣ ቁራኛ ሆነው ዳኛ ፊት ይቀርቡ ነበር። አንዱ ሳይኖር ሌላው አይሟገትም። የአሜሪካው የቡድን ክስ የዚህ ተቃራኒ ነው። ጥቂት ሰዎች በራሳቸውና በሺዎች፣ አንዳንዴም በሚሊዮኖች በሚቆጠሩ ሌሎች ስም ይከሳሉ። እነዚያ ሌሎች ችሎቱን አያዩትም፤ ውጤቱ ግን ያስራቸዋል። ይህን የሚገዛው የፌዴራል የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ደንብ ቁጥር 23 ሲሆን፣ ዛሬ የምናውቀውን መልክ የያዘው በ1966 ነው።

ሁለት ሰዎች ተካሰው ቢታረቁ የዳኛ ፈቃድ ብዙም አያስፈልጋቸውም፤ ገንዘቡም መብቱም የራሳቸው ነውና። በቡድን ክስ ግን ዕርቁ የሌሉ ሰዎችን መብት ይዘጋል። ሌላም ችግር አለ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ሲፋለሙ የነበሩት የከሳሽና የተከሳሽ ጠበቆች ስምምነቱን የፈረሙ ዕለት በአንድ ወገን ይሰለፋሉ። አንዱ የድካሙን ዋጋ ይፈልጋል፤ ሌላው ፋይሉ እንዲዘጋለት ይፈልጋል። ሁለቱም ዳኛውን «አጽድቅልን» ነው የሚሉት። ታዲያ እዚያ ለሌለው ሰው ማን ይናገርለት? ሕጉ ይህን ሸክም የጣለው በዳኛው ላይ ነው።

ብርቱካናማ መስመር ያለው በርሜል

ከ1962 እስከ 1971 ድረስ የአሜሪካ ጦር በደቡብ ቬትናም ደንና እርሻ ላይ 75 ሚሊዮን ሊትር አካባቢ ፀረ-አረም መድኃኒት ከአውሮፕላን ረጨ። ዓላማው ተዋጊዎች የሚሸሸጉበትን ቅጠል ማርገፍና የሚበሉትን ሰብል ማጥፋት ነበር። ከተረጩት ዓይነቶች በብዛት ቀዳሚ የነበረው በበርሜሉ ላይ ብርቱካናማ መስመር ተቀብቶበት ስለነበር «ኤጀንት ኦሬንጅ» ተባለ። ኬሚካሉ ሲመረት ዳዮክሲን የሚባል እጅግ መርዛማ ነገር ሳይታሰብ ይፈጠርና አብሮ ይቀላቀል ነበር።

ወታደሮቹ ወደ ሀገራቸው ከተመለሱ ከዓመታት በኋላ ወሬው መነሳት ጀመረ። አንዱ ካንሰር ያዘው፣ የሌላው ቆዳ ቆሰለ፣ የሌላው ልጅ አካል ጉዳተኛ ሆኖ ተወለደ። በ1978 ፖል ሮይተርሻን የሚባል የሄሊኮፕተር በረራ ባልደረባ የነበረ ዘማች በቴሌቪዥን ቀርቦ፣ የያዘው ካንሰር ከኤጀንት ኦሬንጅ የመጣ መሆኑን ተናገረ፤ ክስም መሠረተ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ወር ላይ ገና በ28 ዓመቱ ሞተ። ክሱ ግን አልሞተም። በዓመቱ መባቻ ወደ ቡድን ክስ ተለወጠና የቬትናም ዘማቾችንና ቤተሰቦቻቸውን በሙሉ ወደ ማጠቃለል ሄደ።

እዚህ ላይ «መንግሥትን አይከሱም ወይ?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። አይችሉም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1950 በሰጠው ውሳኔ መሠረት ወታደር በግዳጅ ላይ ሳለ ለደረሰበት ጉዳት መንግሥትን ካሳ መጠየቅ አይፈቀድለትም። ስለዚህ የተከሰሱት ኬሚካሉን ያመረቱት ኩባንያዎች ናቸው፦ ዳው ኬሚካል፣ ሞንሳንቶ፣ ዳይመንድ ሻምሮክ፣ ሄርኩለስና ሌሎችም። የነሱ መልስ ደግሞ «እኛ መንግሥት ያዘዘንን ነው ያመረትነው» የሚል ነበር።

ሊነጋ ሲል የተፈረመ ዕርቅ

ጉዳዩ በ1983 መጨረሻ የብሩክሊኑ ፌዴራል ዳኛ ጃክ ዋይንስታይን እጅ ገባ። ዳኛው ጊዜ አላባከኑም። የሙግቱን መጀመሪያ ቀን ግንቦት 7 ቀን 1984 ብለው ቆረጡ። በዋዜማው ሁለቱን ወገኖች ፍርድ ቤቱ ውስጥ ሰብስበው፣ እየገፋፉና እየተጫኑ አደራደሩ። ዳኞች ከሕዝብ ሊመረጡ ጥቂት ሰዓታት ሲቀሩ፣ ሊነጋጋ ሲል ሰባት ኩባንያዎች 180 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማሙ። በዚያን ጊዜ ይህን ያህል ገንዘብ የወጣበት የዚህ ዓይነት ክስ አልታየም ነበር።

ቁጥሩ ሲሰማ ትልቅ ነው። ግን እስቲ እናካፍለው። ቬትናም የዘመተው አሜሪካዊ ከ2 ሚሊዮን በላይ ነበር። ለሁሉም እኩል ይሰጥ ቢባል ለአንድ ሰው 90 ዶላር እንኳ አይደርሰውም። ያውም የዘማቾቹን ልጆችና ሚስቶች ሳንቆጥር፣ የጠበቆቹንም ሳንቀንስ ነው።

በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ዳኛው ስምምነቱ ተገቢ ነው ወይ የሚለውን ለመስማት ከተማ ለከተማ ዞሩ፦ ብሩክሊን፣ ቺካጎ፣ ሂውስተን፣ አትላንታ፣ ሳን ፍራንሲስኮ። ወደ 500 የሚጠጋ ሰው ቀርቦ ተናገረ። የታመሙ ዘማቾች መጡ፤ መበለቶች መጡ፤ የአካል ጉዳተኛ ልጅ ያላቸው እናቶች መጡ። ብዙዎቹ ስምምነቱን ተቃወሙ። ይፈልጉ የነበረው እውነቱ በአደባባይ ወጥቶ ጥፋተኛው «ጥፋተኛ ነህ» ሲባል መስማት ነበር። ኩባንያዎቹ ደግሞ ገንዘቡን የሰጡት አንዳችም ጥፋት ሳያምኑ ነው።

ዳኛው ስምምነቱን ያጸደቁት አምነውበት ብቻ አይደለም፤ ሌላው መንገድ የባሰ ስለመሰላቸው ጭምር ነው። በጊዜው የነበሩት ጥናቶች፣ ክሎራክኔ ከሚባለው የቆዳ በሽታ በቀር፣ ኬሚካሉን ከዘማቾቹ ሕመም ጋር በጥብቅ አላያያዙትም። ክሱ ወደ ሙሉ ሙግት ቢሄድ ዘማቾቹ ባዶ እጃቸውን የመመለስ ዕድላቸው ሰፊ ነበር።

ሦስት መንገዶች

እንግዲህ ገንዘቡ ባንክ ገብቶ ወለድ ይወልዳል። ለማን ይሰጥ የሚለው ግን ገና አልተፈታም። ዳኛው ኬኔዝ ፋይንበርግ የተባሉትን ጠበቃ በልዩ ረዳትነት ሾመው ዕቅድ እንዲያዘጋጁ አደረጉ። (እኒህ ሰው ኋላ ላይ የመስከረም 11 ቀን 2001 ጥቃት ተጎጂዎችን ካሳ በማከፋፈል ስማቸው የገነነው ናቸው።) ፊታቸው የነበረው ምርጫ ሲጠቃለል ሦስት ነው።

አንደኛው፣ ለሁሉም እኩል ማካፈል። ይህ ለማስላት ይቀላል፤ ማንንም አያዳላም። ግን አልጋ ላይ ለዋለውም ጤነኛ ሆኖ ሥራ ለሚገባውም ያው የአንድ ቀን አስቤዛ ነው የሚሰጠው።

ሁለተኛው፣ እያንዳንዱ ሰው ሕመሙ ከኤጀንት ኦሬንጅ እንደመጣ ያስረዳ ማለት። የካሳ ሕግ በተለምዶ የሚጠይቀው ይህንን ነው። ነገር ግን ሳይንሱ በጅምላ ሊያረጋግጥ ያልቻለውን አንድ የታመመ ዘማች እንዴት ብሎ ለብቻው ያረጋግጣል? ማንም አያልፍም፤ የማጣሪያው ወጪም ገንዘቡን ይበላዋል።

ሦስተኛው፣ የምክንያቱን ጥያቄ ወደ ጎን ትቶ «በጣም የተጎዳው ማን ነው?» ብሎ መጠየቅ።

ዋይንስታይን በ1985 ግንቦት ላይ ያጸደቁት ሦስተኛውን ነው። ገንዘቡን ሁለት ቦታ ከፈሉት። ትልቁ ድርሻ በቀጥታ የሚከፈል ሆነ፤ የሚያገኙትም ሙሉ በሙሉ መሥራት ያቃታቸው ዘማቾችና የሞቱ ዘማቾች ቤተሰቦች ናቸው። አመልካቹ መድኃኒቱ በተረጨበት አካባቢ እንደነበረ ይታያል፤ ይህም የሠራዊቱን የክፍል መዝገብ ከአውሮፕላኖቹ የርጭት መዝገብ ጋር በኮምፒውተር በማስተያየት የሚጣራ ነው። ጉዳቱ በአደጋ ወይም በቁስል የመጣ መሆን የለበትም። «በሽታህን ያመጣው ኤጀንት ኦሬንጅ ለመሆኑ አስረዳ» የሚል ጥያቄ ግን የለም።

ይህን ልብ በሉ። በክስ የመጣ ገንዘብ እንደ ኢንሹራንስ ተከፈለ ማለት ነው። በዚህ ላይ ደግሞ አንድ የሚገርም ነገር አለ። በዚያው ወር እኒሁ ዳኛ ከቡድኑ ራሳቸውን አግልለው ለብቻቸው የከሰሱ ጥቂት መቶ ዘማቾችን ጉዳይ አይተው ነበር። ለነሱ የሰጡት መልስ «ምክንያቱን የሚያስረዳ ማስረጃ የላችሁም» የሚል ሆነ፤ ክሳቸውንም ወደ ሙሉ ሙግት ሳይደርስ ዘጉት። ሕመሙ ተመሳሳይ ነው፤ ማስረጃውም ተመሳሳይ ነው። በቡድኑ ውስጥ የቆየው ካሳ አገኘ፤ የወጣው ምንም አላገኘም። ልዩነቱን የፈጠረው ሕክምናም ሳይንስም አይደለም፤ የክፍፍል ዕቅዱ ነው።

የክፍያው መጠን ግን ትንሽ ነበር። ሙሉ በሙሉ መሥራት ለተሳነው ቢበዛ ከ13 ሺህ ዶላር በታች፣ ያውም በዓመታት ተከፋፍሎ፤ ለሟች ቤተሰብ ከ4 ሺህ ዶላር በታች። ከዘማቾቹ ብዙዎቹ ይህን እንደ ስድብ ነበር የቆጠሩት።

የማይከፋፈለው ሲገኝ

ሁለተኛው ድርሻ ለዘማቾች ልጆችና ቤተሰቦች አገልግሎት ለሚሰጥ ድርጅት ማቋቋሚያ የታሰበ ነበር። አካል ጉዳተኛ ልጅ ላለው ቤተሰብ ጥቂት መቶ ዶላር ከመስጠት ይልቅ ምክር የሚሰጥ፣ ሕክምና የሚያፈላልግ፣ ጉዳይ የሚያስፈጽም ሰው ማቆም ይሻላል ከሚል ሐሳብ የመጣ ነው።

ሐሳቡ ሥር አለው። በእንግሊዝ የኑዛዜና የበጎ አድራጎት ሕግ ውስጥ «ሲ ፕሬ» የሚባል የቆየ መርህ አለ፤ ከፈረንሳይኛ የመጣ ቃል ሲሆን «በተቻለ መጠን ለታሰበው የቀረበ» እንደማለት ነው። አንድ ሰው ለአንድ ዓላማ ብሎ ገንዘብ ተናዝዞ ዓላማው መፈጸም ካልቻለ፣ ፍርድ ቤቱ ለዚያ ለሚቀርበው ያውለዋል። የአሜሪካ ፍርድ ቤቶች ይህን ወደ ቡድን ክስ አመጡት። ገንዘቡን ለባለቤቶቹ በእጅ ማድረስ ካልተቻለ ባለቤቶቹን ለሚጠቅም ነገር ይዋል፣ ነው ነገሩ።

በ1987 ጉዳዩን ያየው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ስምምነቱን አጸና፤ ለተጎዱት የሚከፈልበትንም መንገድ ተቀበለ። ድርጅቱን ግን ዳኛው ባሰቡት መልክ አልፈቀደም። ገንዘቡ ራሱን ለቻለ የቦርድ አመራር ተሰጥቶ ፍርድ ቤቱ እጁን ሊያወጣ አይችልም፣ ለምን ሥራ እንደሚውል ዳኛው ራሱ መወሰንና መቆጣጠር አለበት አለ። ዋይንስታይን እንደገና ዕቅድ አውጥተው በፍርድ ቤቱ ቁጥጥር ሥር የሚመራ የእርዳታ ፕሮግራም አቋቋሙ።

ይህ ቴክኒካል ጉዳይ ይመስላል፤ ግን ትልቅ ቁም ነገር አለበት። ገንዘቡ የዳኛው አይደለም፤ የጠበቃውም የቦርዱም አይደለም። ባለቤቶቹ ችሎት ላይ የሌሉት ሰዎች ናቸው። ለነሱ ተብሎ የተሰጠ ሥልጣን ለሦስተኛ ሰው ተላልፎ አይሰጥም።

ሂሳቡ ሲዘጋ

የመጨረሻው ይግባኝ በ1988 ጠቅላይ ፍርድ ቤት በር ላይ ቀረ። ክፍያው የተጀመረው በ1989 ነው፤ ከዕርቁ አምስት ዓመት በኋላ ማለት ነው። ገንዘቡ በነዚህ ዓመታት ወለድ ወለደ፤ ከጠባቂዎቹ አንዳንዶቹ ደግሞ ሞቱ። በዚያው ዓመት ኮንግረሱ ይህ ክፍያ እንደ ገቢ ተቆጥሮ ለድሆች የሚሰጥ የመንግሥት ድጎማን እንዳያስቆርጥ ሕግ ማውጣት ነበረበት። አለዚያ በአንድ እጅ የተሰጠው በሌላው ሊወሰድ ነበር።

ፕሮግራሙ ሲጠናቀቅ 105 ሺህ ማመልከቻ ቀርቦ 52 ሺህ የሚሆኑ ዘማቾች ወይም ቤተሰቦቻቸው ክፍያ አግኝተዋል። አማካዩ 3,800 ዶላር ገደማ፣ ድምሩም 197 ሚሊዮን ዶላር ነበር። የእርዳታ ፕሮግራሙ በበኩሉ ለ83 ድርጅቶች 74 ሚሊዮን ዶላር ሰጥቶ ከ239 ሺህ በላይ ዘማቾችና የቤተሰብ አባላት አገልግሎት አግኝተዋል። ሁለቱ ሲደመሩ 271 ሚሊዮን ይሆናል፤ ከመጀመሪያው 180 ሚሊዮን በላይ ያለው ከወለድ የመጣ ነው። ሂሳቡ በ1997 ተዘጋ።

ስሌቱ ውስጥ ያልገቡት

ዕቅዱ አንድ ቀነ ገደብ ነበረው። ሞቱ ወይም ጉዳቱ እስከ 1994 መጨረሻ ድረስ የደረሰ መሆን አለበት። ካንሰር ግን የፍርድ ቤት ቀጠሮ አያከብርም። በ1998 የአጥንት መቅኒ ካንሰር እንዳለበት የተነገረው አንድ ዘማች ክስ ሲመሠርት «የአንተ ጉዳይ በ1984 ተዘግቷል» ተባለ። እሱ የዚያን ጊዜ አልታመመም፤ ሲታመም ደግሞ ገንዘቡ አልቋል።

ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2001 ይህን ሰው ደገፈ። ቀደም ሲል በስሙ የተደራደሩት ሰዎች የሱን ጥቅም በሚገባ አልወከሉም፣ ስለዚህ ስምምነቱ አያስረውም አለ። ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2003 አራት ለአራት ተከፈለ፤ ድምፅ እኩል ሲሆን የታችኛው ውሳኔ ስለሚጸና የሰውየው በር እንደተከፈተ ቀረ። ግን በሩን አልፎ የትም አልደረሰም። ኩባንያዎቹ ያኔ በ1984 ሳይፈተን የቀረውን «መንግሥት ያዘዘንን ነው የሠራነው» የሚል መከላከያ አንስተው በኋላ ክሱን አሸነፉ።

ጭራሹን ያልተቆጠሩም አሉ። ከአሜሪካውያኑ ሌላ ከነሱ ጋር ለዘመቱት ለአውስትራሊያና ለኒውዚላንድ ወታደሮች ድርሻ ተለይቶ ነበር። መድኃኒቱ በራሳቸው ላይ የዘነበባቸው ቬትናማውያን ግን የቡድኑ አባላት አልነበሩም። በ2004 በራሳቸው ስም ክስ አቀረቡ፤ በ2005 ክሱን ውድቅ ያደረጉት እኒያው ዳኛ ዋይንስታይን ናቸው። ይግባኙም በ2008 አልተሳካም።

ለዘማቾቹ የተሻለ መልስ የመጣው ከፍርድ ቤት ሳይሆን ከሕግ አውጪው ነው። ኮንግረሱ በ1991 ባወጣው ሕግ ቬትናም የነበረ ዘማች የተወሰኑ በሽታዎች ከያዙት ከመድኃኒቱ እንደመጡ ተቆጥሮ የመንግሥት ድጋፍ እንዲያገኝ ተደረገ፤ የበሽታዎቹም ዝርዝር ከጊዜ ወደ ጊዜ እየረዘመ ሄዷል። «እያንዳንዱ ሰው ምክንያቱን ያስረዳ» የሚለውን መስፈርት ማንሳት ዋይንስታይን በ1985 የሄዱበት መንገድ ነበር።

ከዚያ ወዲህ

ጥያቄው መልኩን ቀይሮ ዛሬም አለ። ጉግል የሰዎችን የፍለጋ ቃላት ለሌሎች ድረ ገጾች አሳልፎ ሰጥቷል ተብሎ በተከሰሰበት ጉዳይ 8.5 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቶ ነበር። የቡድኑ አባላት 129 ሚሊዮን እንደሚሆኑ ተገመተ። ሲካፈል ለአንድ ሰው 7 ሳንቲም እንኳ አይደርሰውም። ስለዚህ ከጠበቆች ክፍያና ከወጪ የተረፈው ለስድስት ተቋማት እንዲሰጥ ታሰበ። አባላቱ ራሳቸው አንዲት ሳንቲም አያገኙም፤ ከተቋማቱ ውስጥ ደግሞ የከሳሽ ጠበቆች የተማሩባቸው ዩኒቨርሲቲዎች ነበሩበት። ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2019 ዋናውን ጥያቄ ሳይመልስ ጉዳዩን በሌላ ነጥብ ወደ ታች መለሰው። ደንብ ቁጥር 23 ግን ቀድሞ በ2018 ተሻሽሎ፣ ዳኛው ከማጽደቁ በፊት የማከፋፈያው ዘዴ ውጤታማ መሆኑንና የቡድኑ አባላት እርስ በርስ በፍትሐዊ መንገድ መታየታቸውን እንዲመረምር በግልጽ ተጽፎበታል።

እንግዲህ ዘመዳችሁ ያንን ካርድ ሲያገኝ ቼኩ ስንት ነው ብሎ ብቻ እንዳያይ ንገሩት። ከጽሑፉ መካከል ሦስት ነገሮችን ይፈልግ፦ ገንዘቡ የሚደርሰው ለማን ነው? ምን ማስረጃ ይጠይቃል? የተረፈው ወዴት ይሄዳል? ካልተስማማው እስከ ቀነ ገደቡ ድረስ ለዳኛው መቃወሚያ መጻፍ ይችላል፤ ጠበቃም አያስፈልገውም። በ1984 ክረምት በአምስት ከተሞች ቀርበው የተናገሩት ሰዎች ስምምነቱን አላስቀሩትም። ሆኖም ዳኛው ገንዘቡን ሲያከፋፍሉ የእያንዳንዳቸውን ሕመም በጆሯቸው ሰምተው ነበር።